ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለችው ድምፅ

በእኛ ቤት መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሚወራ ወሬ፣ ሳሎን ለተቀመጠ ሰው በሬዲዮ እንደተላለፈ ነው። ግድግዳው ስስ ነው የሚሉ አሉ። እኔ የማምነው ግን ጆሮዬን ነው። ይህ ጆሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወደቀ ማንኪያ የትኛውን ድምፅ እንዳሰማ ምድር ቤት ሆኖ ይለያል። ሐኪም ራሱ አይቶት «እንዲህ ያለ ጆሮ በሥራ ዘመኔ አላጋጠመኝም» ብሏል። ሊያጥብልኝ ነበር የሄድኩት፤ ቢሆንም ብሏል። ስለዚህ ያን ዕለት ጠዋት ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቄ ሌላውን ስፈልግ የሰማሁትን ነገር ተደብቄ አልሰማሁትም። ወሬው ራሱ ፈልጎ ነው ያገኘኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም?» ሚስቴ ናት። አፏ ውስጥ የጥርስ ብሩሽ አለ።

«ምን ብዬ ልንገራቸው? ‹ጋሼ ተሳስቶ ነው› ልበል?» ይቺ ደግሞ የወንድሜ ልጅ ናት።

«ኧረ ተይ! እንደሱማ አትበዪ፤ ይሞትብናል።»

ወንድሜ ልጁን ከአራት ዓመት በፊት «አንተ ዘንድ ሆና ሙዚቃ ትማር» ብሎ ላከልኝ። ሌላ ማን ዘንድ ይላካት? የምትተኛው በትንሿ ክፍል ነው፤ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ፣ ከእኔ የምስክር ወረቀቶችና ሚስቴ «አንድ ቀን ይጠገናል» ከምትለው ማራገቢያ ጋር። ሳክስፎን ትነፋለች። እኔ በማስተምርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ትማራለች፣ ሆኖም ዘመዷ ስለሆንኩ ደንቡ እንድፈትናት አይፈቅድልኝም። ውሃው ከመከፈቱ በፊትና ከተዘጋ በኋላ ከሰማሁት እንደገባኝ የመመረቂያ ውጤት ትናንት ወጥቷል። ማለፊያው ስድሳ ነው፤ እሷ ያገኘችው ሃምሳ አንድ። ከመቶው ውስጥ አስራ ሁለት ነጥብ የተመደበለት «ለኖታው ታማኝነት» የሚባል ርዕስ አለ፤ እዚያ ላይ ዜሮ ሰጥተዋታል። በየከተማው እየዞረ የሚጫወት ትልቅ ባንድ ተቀብሏታል፤ ሰኞ ጠዋት ዲፕሎማዋን ካላሳየች ግን ቦታው ለተከታዩ ይሰጣል። ቅሬታ የሚቀበሉት እስከ ዛሬ አስር ሰዓት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አላስገባችም። ያላስገባችው በእኔ ምክንያት ነው።

አሁን የመጣሁበትን መንገድ ልናገር። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ስድስት ሆነን አንድ ካሴት ቀረጽን። ያ ካሴት ያልተሰማበት ቤት የለም፤ ወፍጮ ቤት ሳይቀር ተሰምቷል፤ እየፈጩ አልቅሰዋል ይባላል። ጃዝ እንግዲህ ዋናው ነገር ሶሎው ነው፤ ሌላው አጅቦህ አንተ ብቻህን በቦታው ከራስህ እየፈጠርክ የምትጫወተው። በሶሎዬ ማብቂያ፣ ዜማው ተንከራትቶ ተንከራትቶ ወደ ቤቱ ሊገባ በሩ ላይ ሲደርስ፣ እኔ አንድ እንግዳ ድምፅ ያዝኩና አራት ምት ሙሉ አልለቅም አልኩ። ከአጃቢው ጋር የምትጋጭ፣ ጥርስ የምታፋጭ ድምፅ። አንድ የጋዜጣ ሰው «ወደ ቤቷ አልመለስ ያለች ድምፅ» ብሎ ጻፈላት። ከዚያ ወዲያ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሲጠይቁኝ «ያቺን ድምፅ ሰባት ዓመት ፈልጌያታለሁ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በሚቀጥለው ቃለ መጠይቅ አስራ አንድ ዓመት ሆነች። ዘንድሮ አስራ ዘጠኝ ደርሳለች፤ በዚህ ስሌት እናቴ ማህፀን ውስጥ ልጀምር ትንሽ ነው የቀረኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ስቱዲዮ ያልናት ክፍል ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለጠፈ ነበር፤ ማራገቢያው ይጮሃል ተብሎ ጠፍቷል፤ እኔ ደግሞ ከመግባቴ በፊት አራት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ሦስት ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። ሳክስፎን ላይ በግራ እጅ ትንሿ ጣት የምትከፈት፣ በቆዳ የተሸፈነች አንዲት ክዳን አለች። ስትከፈት ጂ ሻርፕ የሚባለው ድምፅ ይወጣል፤ ሳትከፈት ስትቀር ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሎ ጂ ይወጣል። ስኳርና ትንፋሽ ሲገናኙ ክዳኗ እንደ ፖስታ ትጣበቃለች። ተጫንኩ፣ አልተከፈተችም። ተጫንኩ። አራት ምት ሙሉ ተጫንኩ። ቴፑ ሊያልቅ ስለነበር ቀራጩ «ይሁን፣ ደስ ይላል» አለ። የአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ፍለጋ ይኸው ነው።

ይህን ከማንም ቀድማ ያወቀችው የወንድሜ ልጅ ናት፤ ምክንያቱም የምትነፋው ያንኑ አሮጌ ሳክስፎኔን ነው። ክዳኗ ዛሬም ትጣበቃለች፤ ልጅቷ የሲጋራ ወረቀት ከሥሯ እያስገባች እርጥበቱን ታደርቃለች። አምና ምሳ ላይ ሾርባዋን እያማሰለች «ጋሼ፣ ያን ጊዜ ክዳኗ ተጣብቃብህ ነው እንዴ?» አለችኝ። ከሾርባ እስከ ፍራፍሬ ያለማቋረጥ ተናገርኩ። ስለ ጥበብ ተናገርኩ፣ ስለ ዘመኑ ልጆች ተናገርኩ፣ ስለ ወንድሜ አስተዳደግ ሳይቀር ተናገርኩ። ሚስቴ ሳህን አነሳች። ከዚያ ቀን በኋላ ልጅቷ አልጠየቀችም፣ እኔም አላነሳሁም። በአንድ ጠረጴዛ እየበላን ዓመት ሞላን።

ልጅቷ ፎጣ ጠምጥማ ከመታጠቢያ ቤት ወጣች። «ጋሼ ደህና አደርክ?» አለችኝ። ደህና አድሬያለሁ አልኩ። ዳቦ ቆረሰች። ሚስቴ ሥራዋ ጨርቅ መደብር ውስጥ ነው፤ በሜትር መለካት የለመደ ዓይን አላት፣ በዚያው ዓይን ከራስ እስከ እግር ለካችኝ።

«ውጤት ወጣ?» አልኳት ልጅቷን።

«ወጣ።»

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ጥሩ ነው» አልኩ። ይኸው ነው ንግግራችን። ሚስቴ የሻይ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ እንዴት አድርጋ እንዳስቀመጠችው ግን ብትሰሙ ትሸሹ ነበር። ሌላኛውን ካልሲ ሳላገኝ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ ክፍል አለኝ። ስምንት ሳክስፎን ነፊዎች፣ ወንበሩ ሰባት። የክፍሉ መስኮት ከተሰበረ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስንጫወት ከታች የመኪና ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ በመዶሻው ምት ይመታልናል፣ ከከበሮ ተማሪዎቹ እሱ ይሻላል። የሚማሩት ከመጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ያዘጋጀው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። የኔው የድሮ ተማሪ ነው፤ ሲያዳምጥ እንደ ምት መቁጠሪያ መሣሪያ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ ስለሚያወዛውዝ ሜትሮኖም እንለዋለን። ገጽ አርባ አንድ ላይ የኔ ሶሎ አንድም ሳይቀር በኖታ ተጽፏል፣ ከጎኑ ስነፋ የተነሳሁት ፎቶ አለ። «እስኪ ከመጨረሻው መስመር ጀምሩ» አልኳቸው። ጀመሩ። ያቺ ድምፅ ስትደርስ ስምንቱም ጂዋን ያዙና፣ ስምንቱም በአንድ ጊዜ ግራ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ይህን ነገር ስንት ዓመት አይቼዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሠራዊት ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚሰማው። ያን ዕለት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ ሰማኋት። ስምንት የተጣበቀ ክዳን።

«ዓይናችሁን ለምንድን ነው የምትጨፍኑት?»

«ፎቶው ላይ ጋሼ ጨፍነዋል።»

«ላብ ገብቶብኝ ነው!»

ሳቁ። ፊት ወንበር ላይ ያለው ተማሪ ደብተሩን አውጥቶ «ላብ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ደሜ ፈላ። «በሉ እዚያ ጋ ጂ ሻርፕ ተጫወቱ» አልኩ። ተያዩ። አንዷ ሳክስፎኗን ከአፏ አውርዳ «ጋሼ፣ እየፈተኑን ነው አይደል? ባለፈው ሳምንት እንዲህ የተጫወተች ልጅ ወድቃለች» አለችኝ። እየፈተንኳችሁ አይደለም ብላቸው፣ ብምል፣ መጽሐፉን ብዘጋው፣ ፈገግ አሉብኝ። ሰው ውሸቱን ለማሳመን ቢለፋ ያምርበታል፤ እኔ እውነት ይዤ ስምንት ልጅ ማሳመን አቃተኝ።

ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ሜትሮኖም ቢሮ ገባሁ። ቢሮው ከክፍሌ ይሰፋል፣ መስኮቱም ሙሉ ነው። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፤ ሥርዓት እንኳን አለው። ነገርኩት። ሻዩን፣ ስኳሩን፣ ክዳኗን፣ ቴፑን። ጭንቅላቱ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ስጨርስ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ፣ ለዘመድ ብለው ራስዎን እንዲህ ያወርዳሉ? ትህትናዎ በእውነት...»

ትህትና! በሕይወቴ ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ ጉረኛ፣ አፈ ትልቅ፣ የሰርግ ቤት ድምፅ ማጉያ ተብያለሁ፣ ትሁት ያለኝ ሰው ግን የለም። የሚሰድበኝ መሰለኝ። «የኔ ወንድም» አልኩት፣ «እኔ ትሁት ሆኜ አላውቅም። አንተን ራስህን ጠይቅ። አራት ዓመት አስተምሬሃለሁ፣ አንድ ቀን ትሁት ሆኜ አይተሃል?»

አሰበ። «አላየሁም» አለ በሐቅ።

«እንግዲያው ነጥቧን መልስላት።»

አልቻለም። መሳቢያውን ከፍቶ ቅጽ አወጣ፤ ለሁሉ ነገር ቅጽ አለው፤ ለማስነጠስም ያለው ይመስለኛል። የመጽሐፉ ኖታ የሚታረመው የሶሎው ባለቤት በጽሑፍ ሲያምንና በቀረጻው ጊዜ በቦታው የነበረ ሌላ ሰው ፈርሞ ሲመሰክር ነው። መጽሐፉ ከታረመ የልጅቷ ውጤት እንደገና ይታያል። «እስከ አስር ሰዓት» አለኝ፣ ሰዓቱን ሳያይ። ሰዓት አያይም፣ ሰዓቱ ራሱ ነው።

ቀራጩ ሞቷል፤ ከስድስታችንም አንዱ ሞቷል። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሩቅ አገር ሄዶ ፍሪጅ ይሸጣል። መለከት ነፊው ከኔ ጋር አይነጋገርም፤ ጥፋቱ የሱ ነው፣ ታሪኩ ረጅም ነው። ከበሮ መቺው ጆሮው ጠፍቷል፣ ድሮም ብዙ አልነበረውም። የቀረው ፒያኒስቱ ነው። ኮምጣጤ እንለዋለን፣ ከፊቱ የተነሳ። ከሱ ጋር ደግሞ በየቀኑ እንገናኛለን፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል አንድ ሆቴል ውስጥ ምሳ ለሚበሉ ሰዎች እንጫወታለን። አንድ ሳህን ሾርባቸው ለሳክስፎኔ አፍ ከምገዛት ሸምበቆ ዋጋ ይበልጣል፤ ሸምበቆዋ ደግሞ ድሮ ሙሉ ካርቶኗ በሚሸጥበት ዋጋ አሁን አንዷ ብቻ ነው የምትገኘው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በየአስር ደቂቃው በምሰሶ ጀርባ ብቅ ይልና መዳፉን ወደ መሬት ያወዛውዛል፤ ዝቅ አርጉት ማለቱ ነው። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ሳልነፋ ጣቴን ብቻ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ። አውራ ጣቱን አሳየኝ።

የመጀመሪያውን ዙር ጨርሰን የገበታ ልብስ በሚከመርበት ክፍል ውስጥ ተቀመጥን። የእረፍት ክፍላችን ያ ነው። ኮምጣጤ ቀይ ክራባቱን አላልቶ ዳቦ እየበላ ነበር። ነገሩን ከእግር እስከ ራስ አወራሁለት፣ ልጅቷን፣ አስራ ሁለት ነጥቡን፣ ቅጹን። መደነቁን ጠበቅኩ። አኘከ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ጣትህን እያየሁ ነበር። ትንሿን ጣትህን። ቢራቢሮ እንደያዘ ሰው ስትታገል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማለሁ። ያንተ ንጋት እስኪጠራ ግን ዓሣ ነባሪ ወልዶ አሳድጎ ይድራል።» ዳቦውን አስቀመጠ። «ጋዜጣው ስለ ፒያኖው ምን እንዳለ ታስታውሳለህ?»

አላስታውስም አልኩ። አስታውሳለሁ። «ፒያኖው ግን ሊቁን መከተል አቅቶት ግራ ተጋብቷል» ነበር ያለው። ኮምጣጤ ግራ አልተጋባም ነበር። ጂ ሻርፕ የምትገባበትን ቤት ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ ነበር የሚጠብቀኝ፤ እኔ ነኝ በሩ ላይ ተጣብቄ የቀረሁት። ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ለሁለት ዓመት ማንም ስቱዲዮ አልጠራውም፣ ጆሮ የለውም ተባለ። በየሰው ቤት እየዞረ ፒያኖ ይቃኝ ነበር፣ አቧራ ይጠርግ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ስለ ሰባቱ ዓመት ፍለጋ በየመድረኩ እያወራሁ ነበር። አንድም ቀን «ፒያኖው ልክ ነው» አላልኩም። ብል የኔ ነገር ይፈርሳላ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት። ምን ልበል? ይህ ነው አፌ ላይ የመጣው።

«አንተ እየጮህክ ማን ይሰማኛል?»

ትፈርምልኛለህ ወይ ስለው ክራባቱን አጠበቀና ወጣ። ሁለተኛውን ዙር ስንጫወት አንድ ጊዜ እንኳን ቀና ብሎ አላየኝም፤ እጁ ግን አንዲት ነገር አልሳተም። እሱን ሰው እያደር ይጠላዋል፣ አጨዋወቱን ግን ማንም አይጠላም። ስምንት ተኩል ላይ የፒያኖውን ክዳን ዘግቶ ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለና በጓሮ በር ሄደ። «ቢሮው ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው!» ብዬ ከኋላው ጮህኩ። ሥራ አስኪያጁ ከምሰሶው ጀርባ መዳፉን አወዛወዘ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሜትሮኖም ቢሮ ተቀምጬ ቅጹን እሞላለሁ። የቲዎሪ አስተማሪዋም መጥታለች፤ ሁለተኛ ፈታኝ እሷ ናት፤ ስትተነፍስ እንኳን በሥርዓት ነው። የወንድሜን ልጅ ከመለማመጃ ክፍል አስጠሯት። ሳክስፎኗን አንጠልጥላ በሩ ላይ ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ምን ልታደርግ ነው?»

«ቅጽ እየሞላሁ ነው።»

«ተወው በቃ። እኔ እደግማለሁ። አንድ ዓመት ምንድን ነው?»

አንድ ዓመት ምንድን ነው አለችኝ! በሃያ ሦስት ዓመቷ። ለእኔ ብላ አንድ ዓመት ልትጥል ነው፣ ያውም ሳትናገር። እኔ የምጥለውን ነገር ሁሉ በከበሮ ነው የምጥለው። «ቁጭ በይ» አልኳት። ቅጹ ላይ «የስህተቱ ምክንያት» የሚል ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ላይ በደንብ ጻፍኩ፤ በታሪክ ውስጥ ታላላቅ ሰዎች የሠሯቸውን ስህተቶች በመግቢያነት አነሳሁ፣ ከዚያ ወደ ራሴ መጣሁ፤ ጀርባውንም ጨረስኩና ተጨማሪ ወረቀት ጠየቅኩ። የቲዎሪ አስተማሪዋ አነበበችውና «ቦታው አንድ መስመር ነው» አለች። አዲስ ቅጽ ሰጠችኝ። ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ያን ያህል ቆይቼ የጻፍኩት «ክዳኗ ተጣብቃ ነው» የሚል ነው። ሦስት ቃል። ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ቤት በሦስት ቃል ፈረሰ። ከሥሩ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንኳን እንደ ወትሮው ወረቀቱን አቋርጣ አልሄደችም።

«ምስክር?» አለ ሜትሮኖም።

«ይመጣል።»

ለአስር ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልጅቷ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ለአስር አስር ጉዳይ። የሜትሮኖም ጭንቅላት እየቀዘቀዘ፣ ምቱ እየረዘመ መጣ። ልጅቷ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ እንሂድ» ስትለኝ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ኮምጣጤ ነው። ቀይ ክራባቱን አላወለቀም፣ ደረጃው አስተንፍሶታል። ማንንም ሰላም ሳይል መጥቶ ቅጹን አነሳ፣ ሦስቱን ቃል አነበበ፣ መልሶ አስቀመጠ።

«ፒያኖው የታለ? ፒያኖውን አልጻፍክም።»

«ቦታው አንድ መስመር ነው።»

«በአፍህ በላ። አፍ አታጣም።»

አራት ሰዎች ያዩኛል። የምናገረው ጠፋኝ፤ ይህ በሕይወቴ ደርሶብኝ አያውቅም፣ ልብ ድካም መሰለኝ። «ፒያኖው ልክ ነበር» አልኩ።

«ጮክ በል። ውሸቱን ስትል እስከ ወፍጮ ቤት ትሰማ ነበር።»

«ፒያኖው ልክ ነበር! እኔ ነኝ ያልገባሁት!» ከታች የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ቆመ። ኮምጣጤ ብዕሩን ከእጄ ወስዶ ፈረመ።

የቲዎሪ አስተማሪዋ ግን ገና ናት። ወረቀት ወረቀት ነው፣ ልጅቷ የተጫወተችው ድምፅ ትክክል መሆኑን በጆሮዋ መስማት አለባት፤ ይህም ደንብ ነው። በዚያ ቢሮ ጥግ ላይ ሜትሮኖም ፋይል የሚከምርበት አሮጌ ፒያኖ አለ። ፋይሎቹን አወረድናቸው። ኮምጣጤ ቆሞ ሁለት ሦስት ቁልፍ ነካ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ተቀመጠ። ልጅቷ ክዳኗ ሥር ወረቀቷን አስገብታ አወጣች። «ከየት ልጀምር?» አለችው። «ከተንከራተትንበት» አላት።

ጀመሩ። እኔ ያን ሶሎ የትም፣ መቼም፣ በማንም እጅ ሰምቼዋለሁ፤ በሊፍት ውስጥ ሰምቼዋለሁ። አሁን ግን ኮምጣጤ ከሥር ያንኑ የድሮ አጃቢውን፣ ጋዜጣው ያላገጠበትን፣ አንድ ሳይቀይር አስቀመጠላት። እዚያ ቦታ ደረሰች። ትንሿ ጣቷ ወረደች፣ ክዳኗ ተከፈተች። ጂ ሻርፕ። ግራ ዓይኗን አልጨፈነችም፤ ሁለቱንም ዓይኗን ከፍታ ፒያኒስቱን ታየዋለች። አራት ምት። ከሥር ያለው ነገር ሁሉ፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ግራ የተጋባ የተባለው፣ በየቦታው ገባ። እንዴት ያምር እንደነበር ልናገር ብችል እናገር ነበር፤ ለሌላው ነገር ቃል አጥቼ አላውቅም። ወንበር ይዤ ቆምኩ፣ በቃ።

ሜትሮኖም ሃምሳ አንዱን ሰርዞ ስድሳ ሦስት ጻፈ፤ የቲዎሪ አስተማሪዋ ከጎኑ ፈረመች። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ወረቀቱን አየች። አላለቀሰችም፤ ሳክስፎኗን ከአንገቷ ለማውረድ ግን ሦስት ጊዜ ሞክራ አቃታት፣ ኮምጣጤ ተነስቶ ማንጠልጠያውን ፈታላት።

ሜትሮኖም ከመደርደሪያው የመጽሐፉን ዋና ቅጂ አምጥቶ ገጽ አርባ አንድን ገለጠ። ጂዋን በቀይ ቀለም ከበበ፣ ከበላይዋ ጂ ሻርፑን ጻፈ። ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ጭንቅላቱን ወደ እኔ አዘነበለ።

«ጋሼ፣ ግርጌ ላይ እርማቱ የማን እንደሆነ መጻፍ አለበት። በማን ስም ላድርገው?»

እኔ ራሴ አረምኩት ማለት ይቻል ነበር። ፈርሜያለሁ እኮ። «ከረጅም ዓመታት ምርምር በኋላ ሊቁ ራሱ አረመው» ቢባል ያስኬዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ምላሴ ላይ ተሠርቶ አልቋል፤ እንዲያውም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ልክ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩ ውሸት የለበትም። ኮምጣጤ አንገቱን አዙሮ ይጠብቀኛል። ልጅቷ አትጠብቅም፤ ሳክስፎኗን ሳጥኑ ውስጥ እያስተኛች ነው፣ ሰኞን እያሰበች።

«በእሷ ስም» አልኩ።

ስሟን ሙሉውን፣ እስከ አያት ጻፈው። ነጥብ ሊያደርግበት ሲል እጁን ያዝኩት።

«ቆይ፣ ቆይ! በቅንፍ ‹የወንድሙ ልጅ› ብለህ ጨምርበት።»